ኢየሱስ «የማይጠላ» ሲል ምን ማለቱ ነው?
የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል «ዘይቤ (ምሳሌያዊ አነጋገር) ነው» ማለት ከቃሉ ማምለጫ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ፣ አብሮን የሚያጠና አንድ ልጅ ሉቃስ 14፥26ን አነበበ። አባቱንና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። ልጁ ቃሉን እንዳለ ወሰደው። እናቱ ለፋሲካ ዳቦ ጋግራ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ብትልክለት ሳይፈታው መለሰው። ያ ቋጠሮ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በኋላ አብረን ዘፍጥረት 29ን ከፈትን። ቁጥር 30 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ ወደደ ይላል፤ ቁጥር 31 ደግሞ ያችኑ ልያን «የተጠላች» ይላታል። በዕብራውያን አነጋገር «መጥላት» አስበልጦ አለመውደድም ነው። ማቴዎስ 10፥37 ያንኑ ነገር «ከእኔ ይልቅ» ብሎ ገልጦ ጽፎታል። በጽሑፉ ላይ በሰጠኸው አስተያየት «ሁሉም ዘይቤ ከሆነ ምን ቀረን?» ያልከው ወንድሜ፣ ሁሉም ነው ያለ የለም። ደግሞ ዘይቤው ትእዛዙን አያቀለውም፤ ከእናት አስበልጦ መውደድ ቀላል ነው እንዴ? እኛ እኮ «ሆዴ ተቃጠለ» ለሚል ሰው ውኃ አናመጣም። የአንድምታ (የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ) መምህራንም አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያመሰጥሩ የኖሩት ቃሉን ለመሸሽ አይደለም። ልጁ ያን ቀን ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። «እማዬ» ሲል ሰማሁት።