ለገዝተው ጠያቂዎች የቀረበ ምስጋና

ስልክ ለመቀየር ሦስት ሳምንት ቪዲዮ የሚያይ፣ ሶፋ ለመግዛት አራት ሱቅ የሚዞር፣ ለአንድ ጫማ ዘመድ አዝማድ የሚያማክር ሰው ሞልቷል። ከዚህ ሁሉ ወላዋይ መሀል አንድ ቆራጥ ወገን አለ፤ የጨው ውሃ ዓሣ ጀማሪ። የውሻ ምግብ ሊገዛ በገባበት ሱቅ ዓይኑ ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ቢጫና ሰማያዊ ላይ ያርፋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገንዳ፣ አሸዋ፣ ፓምፕ፣ አንድ ባልዲ ጨውና አምስት ዓሣ ጭኖ ይወጣል። ክብር ይገባዋል። ከኛ ሰው ሲሆን ደግሞ ክብሩ እጥፍ ነው፤ አገር ስለ ባሕር በር ሲከራከር እሱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎኑ ድረስ ባሕሩን ራሱን አስገብቷል።

ጀግንነቱ መጀመሪያ የሚታየው በውሃው ነው። አሰልቺዎቹ ሰዎች አዲስ ገንዳ ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየሠራ መቆየት አለበት ይላሉ። ዓሣ በመተንፈሻውና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪባዙ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባዶ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ ጠብ አድርገው ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር ያደርሱታል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን በየጊዜው ይመረምራሉ። እንግዲህ አስቡት፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ውሃና ድንጋይ አስቀምጦ ወር ሙሉ ትክ ብሎ ሲያይ!

የኛ ጀግና ውሃው ኩልል ካለ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ይህ የአሞኒያ ጥፋት እንጂ የሱ አይደለም። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው አሲድ ይሆናል) ከ8.1 እስከ 8.4 ስለሚሆን ያው የአሞኒያ መጠን ከተራ ውሃ ገንዳ ይልቅ እዚህ የበለጠ መርዝ መሆኑንም ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ውሃው ጫፍ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያገኛቸዋል። «ወይኔ፣ ተርበዋል!» ብሎ ምግብ ይጨምርላቸዋል። ያልተበላው ምግብ ይበሰብሳል፣ አሞኒያው ይጨምራል፣ አፋቸው ይበልጥ ይከፈታል፣ እሱም ይበልጥ ያበላል። እንዲህ ያለ ቸር አስተናጋጅ ከየት ይገኛል?

ጨውም ላይ እጁ ሰፊ ነው። ሕጉ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ ለ75 ሊትር ገንዳ ወደ 2.6 ኪሎ ይመጣል። የውሃውን ጨው የሚለካው መሣሪያ 1.025 አካባቢ ሲያሳይ ይቆማል። ለኛ ሰው ሚዛን አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ሚዛን ነው። ባልዲው ሲያልቅበት ኩሽና ገብቶ የገበታ ጨው የሚያመጣም አለ። የባሕር ጨው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ካርቦኔት ያለበት ድብልቅ ነው፤ የኩሽናው ግን ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ቢሆንስ፣ ጨው ጨው ነው! ከዚያ ውሃው ሲተን የጎደለውን በጨው ውሃ ይሞላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ገንዳው ወደ ሙት ባሕር እየተጠጋ ይሄዳል። የተነነውን በተጣራ ተራ ውሃ መሙላትኮ ነበር ነገሩ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪንማ ተዉት፣ እሱ ለጤና ነው የገባው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ፤ ልባቸው የሚታየው እዚህ ነው። መስፈርቱ አንድ ነው፦ ቀለም። ፓንተር ግሩፐር የሚባል አለ፤ በነጭ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር፣ ሲዋኝ እስክስታ የሚወርድ የሚመስል። ልጆቹ ካዩት ተሸጠ ማለት ነው። ሲያድግ 70 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ምግቡ ነው። አንድ ማለዳ አብረውት የተገዙት ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ይጠፋሉ። ቤተሰቡ ከሶፋው ሥር፣ ከማጣሪያው ውስጥ፣ ከድመቷ አካባቢ ይፈልጋል። ሆዱ የተነፋው ግሩፐር መሀል ላይ ቆሞ አብሮ የሚፈልግ ይመስላል።

«ዓሣ እንደ ገንዳው ልክ ነው የሚያድገው» የሚል ጥቅስ በዚህ ሰዓት ይወጣል። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ግን ሁሉም ያምነዋል። ጠቦት ቤት ውስጥ ካደገ በግ አይሆንም እንደማለት ነው። ጠባብ ገንዳ ዓሣን ያቀጭጨዋል፣ ያሳምመዋል፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ዝርያውን ግን አይቀይረውም። ሰማያዊ ታንግ የሚባለው ዓሣ ከሱቅ ሲወጣ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ 700 ሊትር የሚጠጋ፣ ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ገንዳ ይጠይቁለታል። ጀግናችን «ሲያድግ ትልቅ እገዛለታለሁ» ይላል። ትልቁ ገንዳ ግን እንደ ቀጠሮ ነው፤ ዓሣው በልቶ ያድጋል፣ ቀጠሮው ይተላለፋል።

የቆራጥነቱ ጣሪያ ግን ማንዳሪን ናት። በሰማያዊ መደብ ላይ ብርቱካናማና አረንጓዴ መስመር የተጥመለመለባት፣ ከጣት ብዙ ያልረዘመች ዓሣ ናት፤ አይቷት ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ልብ የለውም። በዱር ሕይወቷ ከጠዋት እስከ ማታ ከድንጋይ ድንጋይ እየዞረች በየጥቂት ሰከንዱ ኮፔፖድ ትለቅማለች፤ ኮፔፖድ ማለት የሽሪምፕ ዘመድ የሆነ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ደቃቅ ሕያው ፍጡር ነው። ከላይ የተበተነላትን ደረቅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ቀና ብላ አታየውም። አዲስ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ኮፔፖድ ወይ የለም፣ ወይ በጥቂት ሳምንት ተለቅሞ ያልቃል።

እዚህ ላይ የባለቤቷ ምስክርነት በወርቅ ቀለም መጻፍ አለበት፦ «ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ነው የምትውለው፣ ምግብማ ሞልቷታል።» መልቀሟ እውነት ነው፤ የምትለቅመው ነገር ነው የሌለው። ከጭንቅላቷ ኋላ ያለው ሥጋ ይሰረጉዳል፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ሲያዩዋት ጭንቅላቷ ከገላዋ ሰፍቶ ይታያል። «ሸንቀጥ አለች» ይባልላታል። አሰልቺዎቹ ግን ገንዳቸው ዓመት ገደማ እስኪሞላው ይጠብቃሉ፣ ድንጋይ ያበዛሉ፣ ከዋናው ገንዳ ጋር በቧንቧ በተያያዘ ትንሽ ገንዳ ውስጥ አልጌ ተክለው ኮፔፖድ ያራባሉ፤ ወይም ሰው እጅ ላይ ተፈልፍላ በበረዶ የቆየ ምግብ የለመደችውን ይፈልጋሉ። ለአንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ይህ ሁሉ ሽር ጉድ!

ክላውንፊሽ ስለሚጠለልበት፣ ተክል ስለሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ስለ አኒሞን ብዙ አልልም። ክላውንፊሽ ያለ አኒሞን ደህና ይኖራል፤ አኒሞን ግን ኃይለኛ ብርሃንና የበሰለ ገንዳ ይፈልጋል። ካልተመቸው ቦታ ለመቀየር ተነስቶ ይጓዛል፤ ጉዞውም ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ፓምፑ ላይ ነው። የተፈጨ አኒሞን ደግሞ ውሃውን በሙሉ ያበላሻል። ካውፊሽ የሚባለው ቀንዳም ዓሣ የባሰ ነው፦ ሲደነግጥ ወይም ሲሞት ከቆዳው መርዝ ሊለቅ ይችላል፤ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሄደው። ባለቤቱ ሁሉንም በአንድ ቀን ይሰናበታል፣ ይገላገላል።

በፖስታ የመጣ ዓሣን በተመለከተ ጀማሪው አንድ ነገር ብቻ አንብቧል፦ «ከፕላስቲኩ ሲወጣ ቀስ እያልክ አለማምደው።» ያነበበውን ይተገብራል፤ ፕላስቲኩን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ የገንዳ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ከሃያ ሰዓት በላይ የተጓዘ ዓሣ ያለበት ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመበት ፒኤቹ ወርዷል፤ ያጠራቀመው አሞኒያም በዚያ ዝቅተኛ ፒኤች ብዙም አይጎዳም። ፕላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት! የሚሻለው ዓሣው የሚገባበትን ገንዳ ቀድሞ ከላኪው ጨው መጠን ጋር ማስተካከል፣ ፕላስቲኩን ሳይከፍቱ ሙቀቱን ማመሳሰል፣ ከዚያ ዓሣውን ብቻ ቶሎ ማሻገር ነው። ግን አንድ ነገር ያነበበ ሰው ሁለተኛ ያንብብ ማለት ግፍ ነው።

ለይቶ ማቆያም አይወድም፤ ማን ይወዳል? ባዶ የ40 ሊትር ገንዳ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ለመደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ወር። ጀግናው በቀጥታ ዋናው ገንዳ ውስጥ ይለቃል። ከቀናት በኋላ የዓሣው ክንፍ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ምግቡ ላይ ያደርግለታል፤ በጥቂት ቀን ነጥቡ ይጠፋል። «ነጭ ሽንኩርት የማያድነው የለም!» የባዕድ አገር ዓሣ አሳዳጊዎችም ይህንኑ ይላሉና እናቶቻችን ብቻቸውን አይደሉም። እውነቱ ግን ነጩን ነጥብ ያመጣው ጥገኛ ተባይ ዓሣው ላይ ጠግቦ በራሱ ጊዜ መውረዱ ነው። አሸዋው ላይ ሽፋን ሠርቶ ይከፋፈላል፤ ሲፈነዳ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆቹ ያንኑ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ጀግናው መዳብ ያለበት መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ ይደፋል። መዳብ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል፤ ድንጋዩም ይመጠውና በኋላ ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። ትክክለኛው መንገድ ዓሦቹን ሁሉ አውጥቶ በሌላ ገንዳ ማከም፣ ዋናውን በተለምዶ 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ መተው ነው። ገንዳውን በአንድ ከሰዓት የሞላ ሰው 76 ቀን ባዶ ገንዳ እንዲያይ ነው የሚጠየቀው።

መጨረሻ ላይ ያደገውን፣ የማይመቸውን፣ ሌላውን የበላውን ምን እናድርገው የሚለው ይመጣል። ርኅራኄ ያላቸው ባሕር ዳር ወስደው «ሂድ፣ ነፃ ነህ» ይሉታል። ለዚህ ሥራቸው ፍሎሪዳ ሐውልት ልታቆምላቸው ይገባል። ላየንፊሽ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ዓሣ ነው፤ በፍሎሪዳ ውሃ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1985 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ተመራማሪዎችም ዋናውን ጥርጣሬ የሚጥሉት ገንዳ ሰልችቷቸው በለቀቁ ሰዎች ላይ ነው። አንዲት ሴት ላየንፊሽ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች፤ እሾኋ መርዛም ነው፣ እዚያ የሚያድናት ጠላት እምብዛም የላትም። ዛሬ ካሪቢያንና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞልታለች፤ ፍሎሪዳም ለሚያጠምዷት ጠላቂዎች ሽልማት ያለው ውድድር ታዘጋጃለች። ሳሎን ውስጥ የተጀመረ ሥራ አትላንቲክን አዳረሰ!

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነው አሰልቺ ሰው ሱቅ ሲገባ ሠራተኞቹ ይተያያሉ። መጀመሪያ የዓሣውን ሳይንሳዊ ስም ስልኩ ላይ ይጽፋል። «ሲያድግ ስንት ይሆናል? ከገባ ስንት ቀኑ ነው? ከባሕር ተይዞ ነው ወይስ ተፈልፍሎ?» ይህቺን የመጨረሻዋን የሚጠይቀው በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓሣን ሳያናይድ በሚባል መርዝ አደንዝዞ መያዝ እንደነበረ ስለሚያውቅ ነው። ከዚያ «እስቲ እዚሁ አብላልኝና ልየው» ይላል። ዓሣው ሲበላ ካላየ አይገዛም። ሲበላም ካየ «አንድ ሳምንት ያዝልኝ» ብሎ ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል።

ሻጩ እንዲህ ባለው ሰው ምን ይጠቀማል? ክላውንፊሽ በደህና ገንዳ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ሰውዬው በአሥር ዓመት ውስጥ የሚገዛው ጨውና ምግብ ብቻ ነው። የኛን ጀግና ግን ሻጩ በስሙ ያውቀዋል፣ ልጆቹንም ይጠይቀዋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲዘገይበትም ይጨነቃል።