ለነርስ ተማሪ ስሌት «ትርፍ ሸክም» ከሆነ

በመሃል አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የጤና ኮሌጅ፣ ስሙን ልተወውና፣ የነርስ ተማሪዎች ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት በወረቀት ይፈተኑት የነበረውን የመድኃኒት መጠን ስሌት ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ አስቀርቷል። ፈተናው ትርፍ ሸክም ነው ተባለ፤ ተማሪው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዟል፣ ስህተት ቢፈጠርም ፋርማሲስቱ ያገኘዋል የሚል ምክንያትም ታከለበት።

የፋርማሲስቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ፋርማሲስት የሚያየው ማዘዣውንና የሚያስረክበውን መድኃኒት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አልጋው አጠገብ ቆማ ከአምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ ከታሸገባት ትንሽ ብልቃጥ፣ በስሪንጅ የምትቀዳው ነርሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ በመካከል የሚገባ የለም።

የስልኩ ክርክር ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከተወለደ ሳምንት ላልሞላው፣ 2.8 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጨቅላ ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘ እንበል። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታሰብ በቀን አንድ ጊዜ 14 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። በክፍሉ ያለው አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚቀዳው 1.4 ሚሊ ሊትር ነው። በማግስቱ ያ አይነቱ ያልቅና አስታማሚው ከቸርችል ጎዳና ፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣው በዚያው 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ያለበትን ይሆናል። ስሙ ያው ጄንታማይሲን ነው፤ ፈሳሹም ያው ውኃ የመሰለ ነው። ትናንት የተቀዳው ልክ ዛሬም ከተቀዳ ሕፃኑ 56 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘለትን አራት እጥፍ ይወስዳል፤ የሚገባው 0.35 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ኩላሊትን እንደሚጎዳና የመስማት ችሎታን ለዘለቄታው ሊያሳጣ እንደሚችል የኮሌጁ መምህራን ራሳቸው ያስተምራሉ። ታዲያ የትኛው ስልክ ነው «በአምፑሉ ላይ የተጻፈውን ደግመሽ አንብቢ» የሚላት? ስልክ የሰጡትን ቁጥር ያካፍላል፤ የትናንቱን ቁጥር ከሰጡት የትናንቱን መልስ ይሰጣል። ነጥቧን አሳስታ 3.5 ላይ ብትደርስም ትንፍሽ አይልም። በእጇ ደጋግማ ያሰላች ተማሪ ግን 3.5 ሚሊ ሊትር ለመሙላት ሁለተኛ አምፑል መስበር ሲኖርባት እጇ ይያዛል፤ ለአንድ ጨቅላ ሁለት አምፑል እንደማይገባ ታውቃለችና። ይህ ድንጋጤ ከልምምድና ከፈተና ሌላ ምንጭ የለውም።

ካልኩሌተር ይከልከል አላልኩም። መጀመሪያ ግምቷን ትጻፍ፣ ከዚያ በስልኳ ታመሳክር።

«ሸክም» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለኤክላምፕሲያ እናት፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም ግፊት ለምትንቀጠቀጥ፣ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለውን የመንቀጥቀጥ መድኃኒት በደም ሥር ለመስጠት ከ50 በመቶው ፈሳሽ 8 ሚሊ ሊትር ቀድቶ፣ 12 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ጨምሮ ወደ 20 በመቶ ማውረድ ያስፈልጋል፤ እናቲቱ እየተንቀጠቀጠች ይህን የምታሰላ ነርስ ሸክሙን ቀድሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ ካልለመደችው የት ልትለምደው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መከላከል የሚቻለውን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ የእኛው ኮሌጅ ፈተናን በመሰረዝ ይተባበራል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ኮሌጁ ውሳኔውን የማይሽር ከሆነ፣ ተማሪዎቹን ለልምምድ የሚቀበሉት ሆስፒታሎች በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ይፈትኗቸው፤ ያላለፈም ስሪንጅ አይያዝ።