ለሪባን ቆራጮች ምስጋና

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሕንፃ ተመረቀ። መጋረጃው ሲገለጥ እብነ በረዱን አነበብኩት። መሠረት ያስቀመጡት፣ ሪባን የቆረጡት፣ በክብር እንግድነት የተገኙት፣ ሁሉም ከነማዕረጋቸው አሉ። ግንበኛው የለም። እሱማ እንኳን እብነ በረዱ ላይ ግቢው ውስጥም አልነበረም፤ ባጅ ስለሌለው ጥበቃው ከበር መልሶታል። ደግ አደረገ! ሲሚንቶ የነካው ጫማ ያንን ቀይ ምንጣፍ ይርገጠው እንዴ?

ይህ ልማዳችን ደስ ይለኛል። ታሪክን ያቀላል። አንኮበር ወጥቶ ፍርስራሹን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፦ «ይህን ቤተ መንግሥት የሠሩት ምኒልክ ናቸው።» ናቸው እንጂ! ንጉሡ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳሉ። ካባቸውን አውልቀው ወፍ ዋሻ ጫካ ይገባሉ። ጽዱን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ራሳቸው ተሸክመው ያንን ዳገት ይወጣሉ። እህል ሳይቀምሱ ድንጋይ ጠረባ ነው። ከዚያ ጭቃው አለ፤ በእግራቸው እየረገጡ በአፋቸው ፍርድ ይሰጣሉ። ውኃ የሚያመላልሱ ሴቶች? የምን ሴቶች! እንስራውን ያዘሉት እሳቸው ናቸው። ሲመሽ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ከታች ክዳን የሚያቀብል ስለሌለ ወርደው ለራሳቸው ያቀብላሉ፣ ተመልሰው ወጥተው ይቀበላሉ። በማግስቱ ደግሞ ንግሥና አለባቸው።

ጣርማ በር ስንደርስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ የተሠራው የመኪና መንገድ ዋሻ «የሙሶሎኒ» ነው። ሰውዬው ሮም ቁጭ ብሎ ጣቱን ሲቀስር ተራራው ተበሳ።

ኧረ በሕግ! ከ3000 ሜትር በላይ፣ በዚያ ጉምና ብርድ ውስጥ አለት የፈለፈለው ሰው፣ ጣሊያኑም ያገሬውም፣ እናቱ ስም አላወጣችለትም? ጉልበቱን በዋሻው ጨርሶ ሲያበቃ የወራሪውን ስም ለጠፍንበት። ይኸው ከ80 ዓመት በላይ ሳናፍር እንጠራዋለን።

ደግሞ የሚገርመው፣ ብቻቸውን ሲገነቡ የዋሉት ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሁሉም እንዳይሰደብ። እኛም አከበርነው፤ አንሰድብም፣ ስማቸውን አናነሳም እንጂ። በዚያ ላይ አዋጁን ማን ያነበዋል? እብነ በረድ ላይ አልተጻፈ!

ግን እውነት ለመናገር ግንበኛው ጨርሶ አይረሳም። ክረምት ገብቶ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ሪባኑን ማን እንደቆረጠ የሚያስታውስ አይገኝም። ያን ጊዜ የግንበኛው ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነስልክ ቁጥሩ ይወጣል።