ሺህ ዓመት ያንግሥህ፣ ማክሲሚሊያን!

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ወንድ ቡችላ ያገኘ ሰው እንቅልፍ የለውም። ቡችላው እያላዘነ አስቸግሮት እንዳይመስላችሁ፤ ስም አልወጣለትም። እሱም እንዲሁ ስም አይደለም፣ «ክላሲክ» ስም ነው የሚፈለገው። ባለፈው ሳምንት ቡና ጠጡ ተብለን የተጠራን ጎረቤቶች ከአቦል እስከ በረካ «ሬክስ ይሻላል ወይስ ቄሳር?» ስንባባል አመሸን። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ እንኳ እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን ሰዎች። ልጅ ሲወለድላቸው አያትየው «በላይነህ ይባል» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ለውሻ ሲሆን ግን ከባሕር ዳር የወንድም ልጅ ይጠራል፣ ስልክ ይከፈታል፣ የወንድ ውሻ ስም ዝርዝር ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የተወደደው በእስክሪብቶ ይሰመርበታል። እሰይ! እንዲህ ነው በጥናት መሥራት።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ኋላ ቀር ነበሩ። ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት ሰው ውሻውን «መቻል» ይለውና ማታ ማታ አጥር ሥር ቆሞ «መቻል! ና፣ መቻል!» ሲል፣ እዚያ ማዶ እራት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የባሰበት ደግሞ «ምናገባህ» ብሎ ያወጣል። ዳኛ ፊት ሳይቆሙ፣ ምስክር ሳይቆጥሩ፣ በውሻ አሳብቦ ሰውን ልክ ማግባት! የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ነውና ውሻው ሰምና ወርቅ ቢኖረው ምን ይገርማል? ለፈረሱም እንዲሁ ነበር፤ አጤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው የፈረሳቸው ስም ነው። ያ ሁሉ ተመስገን አለፈ። ዛሬ በየግቢው ቄሳር አለን።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን ከእኛ ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ ብረት በር ቪላ ያሠሩትን ጌታ ነው፤ ስማቸው ይቆየን፣ የውሻቸው ይበቃል። የስም አውጪው ሸንጎ ሲሰየም መጀመሪያ የቀረበው «አርጎስ» ነበር። በግሪኮች ተረት ጌታውን 20 ዓመት ጠብቆ፣ ባየው ዕለት የሞተ ውሻ ነው ቢሏቸው «20 ዓመት ማን ይቀልበዋል?» ብለው ጣሉት። ቀጥሎ «ሃቺኮ» መጣ። ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ እስከ 1935 ድረስ ባቡር ጣቢያ እየሄደ የጠበቀው የጃፓኑ ውሻ ነው ተባሉ። «እዚህ ባቡር የለም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። «ሬክስ» በላቲን ንጉሥ ማለት ነው ሲባሉ ደግሞ ግራ ቀኝ አይተው «ፖለቲካ አለበት» አሉ። በመጨረሻ ሸንጎው በአንድ ድምፅ «ማክሲሚሊያን» ላይ ጸና። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን፣ የውሻ ስም ለመጥራት እንዲቀል አጭር ይሁን ብሎ 47 ስም ደርድሮ ነበር። ግሪክ ምን ያውቃል!

በግ ታረደ፣ ጠላው ተቀዳ፣ አረቄው ዞረ። ክርስትና ነበር እንዳልል ያስኮንነኛል፤ ድግሱ ግን የብዙ ክርስትና ድግስ ያስንቅ ነበር። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ለውሻው ምግብ የምትሰጠው የቤት ሠራተኛ ስሙ አልያዝ ብሏት «ማክሰኞ» አለችው። ውሻ ደግሞ የሚያጎርሰውን አይንቅም። ጌትዬው በረንዳ ላይ ቆመው «ማክሲሚሊያን! ማክሲ-ሚሊያን!» እያሉ ደም ሥራቸው ሲገተር ጆሮውን እንኳ አያነሣም። እሷ ከማጀት «ማክሰኞ!» ስትል ጭራውን እየቆላ ይበራል። አንድ እንግዳ በቅንነት «ጋሼ፣ እርስዎም ማክሰኞ ቢሉት አይሻልም?» ብለው ከዚያ ቤት ዳግም አልተጠሩም። የሰፈሩ ልጆች «ማክሰኞ ተፈታ!» ብለው ሲጮኹ እናቶች በር ይዘጋሉ። ቅዳሜ ገበያ የወጣ አንድ ባላገርም ይህን ሰምቶ «ቀን ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብሎ አህያውን ከነጭነቷ መለሰ ይባላል። (ይሄኛው ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ደስ ስለሚለኝ ግን አልቆርጠውም።)

ዓመት ሲሞላውም ልደት ተከበረለት። ኬኩ ላይ ስሙ በነጭ ክሬም ተጽፎ «ማክሲሚ» ላይ ቦታ አለቀ። ኬኩን የበሉት ሰዎች ናቸው። ባለ ልደቱ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ሰንሰለት ታስሮ፣ ሰንሰለቱ አንገቱን ልጦት፣ ሽታውን ተቋደሰ። እራቱ ያው የዘወትሩ ነበር፤ የእንጀራ ድርቆሽ በዕቃ እጣቢ የራሰ። እነዚህ ሰዎች ለወንድ ቡችላ ያላቸው ፍቅርም ልዩ ነው። እናቲቱ ስትወልድ ወንዱን መርጠው ያስቀሩና ሴቶቹን በጆንያ አድርገው ወንዝ ዳር ያስጥላሉ። በዓመቱ ደግሞ «ከተማው በባለቤት አልባ ውሻ ተጥለቀለቀ፣ መንግሥት የት አለ?» የሚሉት እነሱው ናቸው።

በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ አንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። በትሩን ሳያነሣ ማክሲሚሊያን ወጥቶ ባቱን ዘነጠለው። ሰው ተሰበሰበ። ጌትዬው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉና ደሙን አይተው፣ ውሻውን አይተው፣ «የእኔ አይደለም፤ የሰፈር ውሻ ነው» አሉ። በግ የታረደለት! ኬክ የተቆረሰለት! ስሙ ማን ይባላል ቢሏቸው «እኔ በምን አውቄ?» ብለው ገቡ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሳይታይ በፊት ግን ሰው ይተርፋል፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር፣ የታዘዘውንም ሳያቋርጡ መጨረስ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ውሻውን ማስከተብ አለ፤ ለስም ድግስ በግ ያረደ ሰው ይህ አቃተው ብትሉኝ አላምንም! ልጁን «የነከሰህ ውሻ ተከትቧል?» ብለው ሲጠይቁት ምን ብሎ ይመልስ? እናቱ ስንት ቀን መንገድ ርቃ፣ እሱ ባቱን በሰው ነጠላ ጠቅልሎ፣ ባለ ውሻው በር ዘግቶ ተቀመጠ። ይህ ንፉግነት አይደለም። በሰው ነፍስ መቀለድ ነው። ያን ዕለት ሳሙናና ውሃ ይዛ የወጣችው ያችው «ማክሰኞ» ባይዋ ሠራተኛ ናት፤ እሷንም ለዚህ ተቆጧት።

ይቅርታ፣ ማመስገን ጀምሬ ነበር።

ጌትዬው አሁን ሌላ ወንድ ቡችላ አምጥተዋል አሉ። የወንድማቸው ልጅም ከባሕር ዳር ተጠርቷል፤ «ሄርኩለስ»ና «ናፖሊዮን» ለፍጻሜ ቀርበዋል። እኔም እንደ ጎረቤት አንድ ስም ልጠቁም። «አላውቀውም» ይባል። አጥር ሥር ቆሞ ለመጥራት ይመቻል፣ ኬክ ላይም ቦታ አይፈጅም። የጤና ባለሙያ በር አንኳኩቶ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ሲል ጌትዬው «አላውቀውም!» ይላሉ፤ ውሻውም ስሙ ተጠራ ብሎ ጭራውን እየቆላ መጥቶ እግራቸው ሥር ይተኛል።