ዘፋኙን ሽንት ቤት ያስገቡት ጋሼ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ጠጣ ብለው ጠሩኝ። ቡናው ሰበብ ነው፤ የተጠራሁት አዲስ አምፕሊፋየር ልመርቅ ነው። እናንተም ተጠርታችኋል፣ አትደብቁኝ። ዘንድሮ ባሕር ዳር ውስጥ ያልተመረቀ አምፕሊፋየር ካለ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ማለት ነው።

ጋሼ ምስጋና ይገባቸዋል። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ተጽፏል። ጎንበስ ብዬ ከጀርባው የተለጠፈውን ሳነብ ደግሞ ከግድግዳ የሚስበው 60 ዋት ነው። 60 ገብቶ 1000 ይወጣል! እንጀራና ዓሣ የሚበረክትበት ዘመን ያለፈ መስሎን ጣና ዳር በከንቱ ስንተክዝ ኖረናል።

አቦል ሲቀዳ ስፒከሮቹን ቃኘሁ። አንዱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቆሟል። ሁለተኛው የለም።

«እሱማ በረንዳ ላይ ነው» አሉኝ ጋሼ። «መንገደኛውስ ሰው አይደለም እንዴ ልጄ?»

ስቴሪዮን እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ለፓተንት ያቀረበው እንግሊዛዊው አለን ብሉምሊን ይህ አልታየውም። የእሱ ሐሳብ ጠባብ ነበር፤ ሁለቱ ስፒከሮች ከፊት ግራና ቀኝ ይቁሙ፣ አድማጩ እኩል ርቀት ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ዘፋኙን መሃል ላይ ቆሞ ያገኘዋል። እኛማ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ በሁለት ወገን የሚቆሙበትን ማኅሌት ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን፣ ይሄ አይደንቀንም። ጋሼ ግን አሻሻሉት። በእሳቸው ቤት በሳሎኑና በበረንዳው መሃል ያለው ሽንት ቤቱ ነው። በስቴሪዮ ሕግ ዘፋኙ የቆመው እዚያ ነው። ክራሩ ሳሎን፣ ሳክስፎኑ በረንዳ፣ ዘፋኙ ሽንት ቤት። እኔ ሲኒዬን ይዤ ክራር እሰማለሁ፤ ባጃጅ የሚጠብቁት ሰዎች ሳክስፎን ይሰማሉ፤ ባንዱን ሙሉ የሰማው የጋሼ ትንሹ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ሆዱን አሞት። አንድ እንግዳ ተነሥቶ በሩን ሲያንኳኳ «ሰው አለ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የልጁ ይሁን የዘፋኙ እስካሁን አልተጣራም።

ሁለቱንም ስፒከር አንድ ክፍል ያደረገ ቁጥብ ወዳጅም አለኝ። እሱ ደግሞ የአንዱን ስፒከር ቀይ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ አሰረው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይሟሽሻል፣ ዘፋኙ መሃል መቆሙ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። መፍትሔው የቤዙን ቁልፍ እስከ ጥግ ማዞር ሆነ።

ከጋሼ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አራስ አለች። በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ መስኮቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ቢለምኑ «የራሴ ቤት ነው» ተባሉ። የእናትን ልመና በሙዚቃ መመለስ! ቤቱ ያንተ ነው፤ የሕፃኑ ጆሮም ያንተ ነው? ነውር የሚባል ነገር ከዚህ ከተማ መቼ ነው የወጣው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ቶና ላይ «ኃይሉን በእጥፍ ቢያሳድጉት ድምፁ ላይ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይልቅ ስፒከሩን ከበረንዳ ያስገቡት» ብዬ ሹክ አልኳቸው። ምክሬን ተቀበሉ። አስገቡት፤ ከመኝታ ቤትም ሁለት አሮጌ ስፒከር ጨመሩበት። የአምፕሊፋየሩ አንዱ መውጫ ስለላላ አራቱንም በሌላው መውጫ ላይ ጎን ለጎን አሰሯቸው። እያንዳንዳቸው ከረንት የሚገቱበት ልክ 8 ኦም ነው፤ አራቱ እንዲህ ሲታሰሩ 2 ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከ4 በታች አትሂዱ ይላል። ኦሙ ሲያንስ ከረንቱ ይበዛል፣ ዕቃው ይግላል። እጄን ጣል ባደርግበት እንደ ምጣድ ነው።

«ሲሞቅ ነው የሚጣፍጠው» አሉ ጋሼ፣ ድምፁን እየጨመሩ።

በረካ ሲደርስ ቤቱ ታፈነ። መጀመሪያ ዕጣኑ መስሎን «እሰይ» አልን። ጢስ ዓባይን ለማየት ከከተማ ወጥተን 30 ኪሎ ሜትር እንሄድ ነበር፤ ጋሼ ጢሱን ሳሎን ድረስ አመጡልን። አንድ ጊዜ ቋ አለና ሁሉም ነገር ጸጥ።

ያኔ በግድግዳው በኩል እሹሩሩ ተሰማ። ከግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ።