የአንጋፋዎቹ ትዝታ ይባረክ

በተራራማዋ የሌሶቶ መንግሥት፣ የባሱቶላንድ ኮንግረስ ፓርቲ አንጋፋ ወንዶች የታደሉትን የማስታወስ ጸጋ ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 በተካሄደው ምርጫ ከ60ዎቹ መቀመጫዎች 31ዱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆነው ለሌአቡዋ ጆናታን ብሔራዊ ፓርቲ፣ 25ቱ ብቻ ለእነርሱ የደረሱበትን ምክንያት ሲጠየቁ አፋቸውን አይዛቸውም፤ ጥፋቱ የሴቶች ነው። በ1960 ድምፅ የሰጡት ግብር ከፋይ ወንዶች ስለነበሩ ኮንግረስ አሸነፈ፤ በ1965 ሴቶች ተጨመሩና ቄስ የመከራቸውን፣ ባላባት ያዘዛቸውን ሰምተው አገር አበላሹ። እንዲህ ጥርት ያለ ታሪክ ከየት ይገኛል!

ወንዶቹስ በዚያ ሰሞን የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ጋጠወጥ ቢነሳ፣ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስለነበሩ ለመምረጥ አልታደሉም ይሉታል። ቤቱን፣ እርሻውንና ከብቱን ብቻዋን የያዘችው ሚስት የምርጫ ካርድም መያዟ ግን እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። የእርሷ ትዝታ ስለ እህልና ስለ ልጆቿ ጉሮሮ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማን ፖለቲካ ይለዋል?

ከሁሉ የማደንቀው የ1970ውን አተራረክ ነው። በዚያ ዓመት እነዚያው ሴቶች ዳግመኛ ወጥተው መረጡ፤ ኮንግረስ 36፣ ብሔራዊ ፓርቲ 23 መቀመጫ አገኙ። ያን ጊዜ ያሸነፈው «ሕዝቡ» ነበር። አገር አበላሾቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ሕዝብነት ማደጋቸውን ማንም ልብ አላለውም፤ የምሥራች የነገራቸውም የለም።

የብሔራዊ ፓርቲ አንጋፋዎችም ከዚህ ምስጋና ድርሻቸው አይቀርባቸውም፤ የሴቶቹን ውለታ እያነሱ አይጠግቡምና። በ1965 መሪያቸው በገዛ ምርጫ ክልሉ ተሸንፎ ምክር ቤት የገባው ከወራት በኋላ በማሟያ ምርጫ መሆኑን ግን ለማንሳት ጊዜ አይበቃቸውም። ባለውለታዎቹ በ1970 የሰጡትን ድምፅ እርሱ እንዴት አከበረው ቢባል፣ ውጤቱን ሰርዞ፣ ሕገ መንግሥቱን አግዶ፣ የኮንግረሱን መሪ ንትሱ ሞኸሌን አስሮ፣ ንጉሡን ዳግማዊ ሞሽዌሽዌን ወደ ኔዘርላንድስ ሸኝቶ ነው።

በ1993 ኮንግረስ 65ቱንም መቀመጫ ጠራርጎ ሲወስድ፣ ከየሳጥኑ የተቆጠረው የወንድ ድምፅ ብቻ ሳይሆን አልቀረም፤ ቢያንስ አንጋፋዎቹ ሲያወጉት እንደዚያ ነው የሚመስለው።