ደላላው የሚበላው ስንለቅ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ የደሴ የቤት ኪራይ ኮሚሽን ቢሮ በቴሌግራም ገጹ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመጪው ወር ጀምሮ ቤት ማየት የሚፈልግ ሰው ለአንድ ቤት 300 ብር ይከፍላል፤ ቤቱን ወደደውም ጠላውም ብሩ አይመለስም። ምክንያት የተባለው፣ ተከራዮች ቤቱን ካዩ በኋላ ቢሮውን ዘለው ከአከራዩ ጋር ይስማማሉ የሚል ነው። ከሥሩ አንድ ሰው ቅሬታውን ቢጽፍ፣ ያስገደደህ የለም ተባለ።

የቢሮውን ስም አልጠራም። በደንብ ግን አውቀዋለሁ፤ በእሱ በኩል ተከራይቼ 11 ወር ኖሬ፣ በእሱ ምክንያት ለቅቄያለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ያስገደደህ የለም የሚባለው ሌላ መንገድ ላለው ሰው ነው። ደሴ ውስጥ ቤት ፈላጊ ምን ሌላ መንገድ ቀርቶለታል? ቀድሞ በየግቢው በር ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ካርቶን ይንጠለጠል ነበር። ሰው ያንኳኳል፣ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይስማማል ወይም ይሄዳል። እኔ አምና ቤት ስፈልግ ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ እግሬ እስኪዝል ዞሬ ያን ካርቶን አንድ ቦታ አላየሁም። ባንኳኳሁበት ሁሉ የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ ለደላላ ቢሮ ልጆች ሰጥተናል፣ እነሱን አናግር። የከተማውን በር አንድ በአንድ ሰብስቦ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ሰው፣ መልሶ ማን አስገድዶህ መጣህ ሲል መስማት ያንገበግባል።

ማሳየትም ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል የሚሉ አሉ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ሲተረጉም ራሱን ችሎ ሁለት ወገኖችን ፈልጎ የሚያገናኝ፣ እንደ ሽያጭ፣ ኪራይና ኢንሹራንስ ያለ ውል እንዲዋዋሉ የሚያደርግ ነው ይላል። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል፤ የሙያው ነገር ግን ለማንም ግልጽ ነው። ደላላ የሚከፈለው ውል ሲታሰር ነው። ውል ሳይታሰር፣ ቁልፍ ሳይቀበሉ፣ የሰው ግቢ በር ላይ ቆሞ ለማየት ብቻ የሚከፈል ብር የኬላ ቀረጥ እንጂ ኮሚሽን አይደለም። በዚያ ላይ አከፋፈሉ ራሱ ተንኮል አለበት። ቤቱን ሲያከራይ የሚከፈለው፣ ሳያከራይ ሲቀርም የሚከፈለው ሰው ለምን ደህና ቤት ይፈልግላችኋል? አንድ የማይከራይ የፈረሰ ሰርቪስ ቤት ይዞ በቀን ለዐሥር ሰው ቢያሳይ 3,000 ብር ገባለት። ቤቱ ባይከራይለት ይሻለዋል።

ደግሞ ማሳየቱን አይቼዋለሁ። አምና ታኅሣሥ ላይ ቤቱን ያየሁት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀን ልምጣ ብል፣ ለአከራይዋ የሚመቻቸው ማታ ነው ተባልኩ። መብራት ጠፍቷል። የቢሮው ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ ከክፍል ክፍል ይመራኛል፤ ብርሃኑን ወደ ጣሪያው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ወለሉ ንጣፍ ያዞረዋል፣ ከመኝታ ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ላይ ግን አያሳርፈውም። አዲስ ቀለም ሸተተኝ። ታድሶ ነው አልኩ በልቤ፣ ደስም አለኝ። ቧንቧውን ስከፍተው ትንፋሽ ብቻ ወጣ፤ ዛሬ ተራው ስላልሆነ ነው፣ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል አለኝ። ኋላ ስንገባ ውሃው የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆኖ አገኘነው። እኔና ባለቤቴ በየተራ እየነቃን በርሜል ስንሞላ ከረምን። ሐምሌ ሲገባ፣ የጦሳ ጭጋግ ቀኑን ሙሉ ከተማው ላይ ሲተኛ፣ ያ ግድግዳ ከአልጋችን ራስጌ ላብ አወጣ። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላጠ፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ። የሦስት ዓመት ልጄ እስከ መስከረም ስትስል ነበር።

ለቢሮው ደወልኩ። የእኛ ሥራ ማገናኘት ብቻ ነው፣ ከአከራይዋ ጋር ጨርሱ አሉኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ስገባ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። ኪራዩ 8,000፣ የስድስት ወሩ 48,000፣ ከእኔ የሚፈለገው የአንድ ወር ኮሚሽን 8,000፤ በድምሩ 56,000 ብር። ከዕቁብ ተበድሬ፣ ባለቤቴ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ሞላነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ይህን ባነሳ የቢሮው ኃላፊ፣ አዋጁ የአዲስ አበባ ነው፣ የክልል ከተማ ተራው የሚመጣው ክልሉ ሲወስን ነው አለኝ። ቀጥሎ የተዘጋጀ የውል ቅጽ አወጣ፤ የኪራዩ ልክ የሚጻፍበት ቦታ ላይ 4,500 ብሎ ሞላ። ለምን ስለው፣ ለግብሩ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለኝ። ፈረምኩ። ልጆቼ ሰው ቤት ናቸው፤ ብሩን ከፍያለሁ፤ ባልፈርም የት እሄዳለሁ? ያችን ፊርማ የፈረምኩ ቀን መከራከሪያዬን ሁሉ አስረክቤያለሁ። በወረቀት 4,500 የሚከፍል ሰው ከ8,000 ላይ ተጨመረብኝ ብሎ የት ይከሳል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ጥቅምት ላይ ያ የስልክ መብራት ይዞ ያዞረኝ ልጅ ቤታችን መጣ። አከራይዋ ግድግዳውን ሊያሠሩላችሁ ስለሆነ ፎቶ ላንሳ አለ። ባለቤቴ ቡና ላይ ነበረች፤ ቁጭ በል ብላ አጠጣችው። ሳሎኑን አነሳ፣ መኝታ ቤቱን አነሳ፣ አመስግኖ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት አከራያችን አስጠሩኝ። ደግ አሮጊት ናቸው፣ ክፉ አይወጣቸውም። በረንዳቸው ላይ አስቀምጠውኝ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ከኅዳር ወዲያ 10,500 ካልከፈልክ ቤቱን ትለቃለህ» አሉኝ።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም። እኔ ስምንቱ በቅቶኝ ነበር። የቢሮ ልጆች ናቸው የደወሉልኝ። ጎረቤትዎ በ10,500 አከራይተዋል፣ እርስዎ ለምን ይጎዳሉ አሉኝ። እሱ እንቢ ካለ በሳምንት ሌላ ሰው እናስገባለን አሉ።»

ግድግዳዬ ሲሻግት ማገናኘት ብቻ ነው ሥራችን ያሉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ለማስለቀቅ ሲሆን ማገናኘት ብቻ አልሆነም። ደውለው ዋጋ ነገሩ፣ መከሩ፣ ሌላ ሰው አዘጋጁ። ምነው ቢባል፣ ሒሳቡን አስሉት። ቢሮው ከእኔ የአንድ ወር ኪራይ፣ ከእማማ የግማሽ ወር ይወስዳል፤ በ8,000 ሒሳብ 12,000 ብር ነው። ሁለት ዓመት ብኖር በሁለት ዓመት የሚያገኘው ያችኑ 12,000 ብቻ ነው። በዓመቴ አስወጥቶኝ ሌላውን በ10,500 ካስገባ ግን 15,750 ብር ይጨመርለታል፤ ሁለቱ ተደምረው 27,750። አንድ ቤት፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ የማይፈስ ቧንቧ፤ ልዩነቱ የእኔ መውጣት ብቻ ነው። ደላላው የሚበላው ስንኖር አይደለም፣ ስንለቅ ነው። ዕቃ የጫነ አይሱዙ በየሰፈሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የእሱ ገበታ ይሞላል። ኪራዩ ሲጨምር ደግሞ ሁለት ጊዜ ያተርፋል፤ ጭማሪው ያስለቅቀናል፣ ስንለቅ ኮሚሽኑ በአዲሱ ዋጋ ይሰላል።

ትዳር በፈረሰ ቁጥር እንደገና የሚከፈለው አማጭ ቤታችሁ ቢመላለስ ታስገቡታላችሁ? ሚስትህ ከዚህ የተሻለ ባል ታገኝ ነበር እያለ በጆሮዋ ሲያንሾካሹክ እያያችሁ ውለታ አለበት ትሉታላችሁ? በወሎ አማጭ ሲጣሉ የሚያስታርቅ ነው፤ ያገናኘሁት ትዳር እንዳይፈርስ ብሎ በእኩለ ሌሊት የሚነሳ ነው። እነዚህ ግን እማማን የመሰለ ሰው፣ በስምንት ሺህ ብር ረክቶ የተቀመጠ ሰው፣ በስልክ እየቀሰቀሱ ስግብግብነት ያስተምራሉ። አከራዮቻችን እንዲህ አልነበሩም። ነሐሴ 2013 ከወልድያና ከቆቦ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው በየትምህርት ቤቱ ሲሰፍር ደሴ ሳሎኗን ከፍታለች፤ እኛ ራሳችን በነበርንበት ግቢ ሁለት ቤተሰብ ያለ አምስት ሳንቲም ኖሯል። የዚህ ከተማ ሰው ሰው ማስገባት ያውቃል። ስለ ኪራይ ንረት ሲነሳ ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብረት ተወደደ ይባላል። የእማማ ቤት የተሠራው በደርግ ጊዜ ነው፤ የትኛው ሲሚንቶ ነው ኅዳር ላይ የተወደደባቸው? በእኔ እምነት ደሴ ላይ ኪራዩን የሰቀለው ከሲሚንቶ ይልቅ ስልክ ነው፤ ጎረቤትዎ በዚህ አከራየ የሚለው ስልክ።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ በፋብሪካ ደመወዝ የሚኖሩ ልጆች አንዲት ክፍል ለአራት ይከራያሉ። የእህቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የገባችበትን ክፍል ያገናኘው ሰው ኮሚሽኑን የጠየቀው በክፍሉ ሒሳብ አልነበረም፣ ከአራቱም ለየብቻ ነው። ክፍሉ አንድ፣ ውሉ አንድ፣ ኮሚሽኑ አራት።

ቢሮውን ዘለው ከአከራይ ጋር የሚስማሙ ተከራዮች አሉ፤ አልክድም። ለፍቶ ቤት ያገኘላችሁን ሰው ድካሙን መካድ ነውር ነው፤ የሰፈራችን የድሮ ደላላ ሰኞ ገበያ ዳር ቆሞ የሚውል፣ ቤቱን ከነጉድለቱ የሚነግራችሁ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምት ሳይገባ አሠሩት የሚል ሰው ነበር፤ እሱን የዘለለ ያፍር ነበር። የዛሬውን ቢሮ ሰው ለምን እንደሚዘለው ቢሮው ራሱን ይጠይቅ። ለጥቂት ዘላዮች ተብሎ ቤት ፈላጊ ሁሉ፣ ከሦስት ልጅ ጋር መንገድ ላይ የቀረችው እናት ጭምር፣ 300 ብር እየቆጠረ በር ላይ ይሰለፍ ማለት ግን አይገባኝም።

ፈቃድ የሚሰጣቸው አካል ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፣ ከባድም አይደለም። ለማሳየት ብር መቀበል ይከልከል። ኮሚሽን ውሉ ላይ በተጻፈው የኪራይ ልክ ብቻ ይሰላ፤ 4,500 ብሎ የጻፈ ደላላ ከ4,500 ላይ ይውሰድ፣ ያን ጊዜ ለግብሩ ነው የሚለው ብልሃት በማግስቱ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቢሮ ከአንድ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ኮሚሽን አይቀበል። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ሲል ተከራዩ እንዲረጋ ነው። ደላላው በየዓመቱ ከአንድ ቤት መብላት እስከቻለ ድረስ ያ ሁለት ዓመት ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለተኛዋን ኮሚሽን ከልክሉትና ማን ለእማማ እንደሚደውል እናያለን። ይህን ለማድረግ አዋጁ ደሴ ላይ ይሠራል አይሠራም የሚለው ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የንግድ ፈቃድ ሲታደስ የሚጻፍ ግዴታ ነው።

እኛ ኅዳር መጨረሻ ለቅቀን ሆጤ ከባለቤቴ ወላጆች ጋር ገብተናል፤ ስድስት ሰው በሁለት ክፍል። ቤት እየፈለግን ነው፤ የምንፈልገውም በዚያው በቴሌግራም ነው፣ ሌላ የለምና። ትናንት ማታ ባለቤቴ ስልኩን ዝም ብላ አቀበለችኝ። የእማማ ቤት ወጥቷል። ሳሎኑ ውስጥ የኛ ረከቦት ይታያል፣ መስኮቱ ላይ በእጇ የሰፋችው መጋረጃ። መኝታ ቤቱን ከበሩ በኩል ነው ያነሳው፤ የጓሮው ግድግዳ አይታይም። ዋጋ 11,000፣ ቅድሚያ የስድስት ወር፣ ለማየት 300 ብር።